የታሪክ መርማሪው በሪንከቢ

በሌላው ዓለም «ታሪክህን ንገረኝ» ማለት ግብዣ ነው አሉ። ወንበር ይሳባል፣ ብርጭቆ ይቀርባል፣ ተጋባዡም ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ይለቀዋል። በእኛ ቋንቋ ግን አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ታሪክህን አውቀዋለሁ» ካለህ ኮትህን ፈልግ። እስቲ አስተውሉት፤ በአማርኛ ታሪክ ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሐውልት የቆመለትና ፋይል የተከፈተበት። እኛ በስቶክሆልም የምንኖር ደግሞ ሦስተኛ አክለንበታል። ለእኛ «ታሪክ» ማለት ስዊድን በገባን ሰሞን ለስደተኞች መሥሪያ ቤት ተናግረን፣ ተጽፎ፣ ፈርመንበት፣ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል ሳንስት በእንቅልፋችንም ጭምር ልንደግመው የሚገባን ነገር ነው። ሴቶች ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ጎን ለጎን ተቀምጠው «ታሪክሽ ስንት ገጽ ወጣው?» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዳዊት እንኳ እንደዚያ አይደገምም።

እኔ ይህን ሁሉ ከማንም በፊት ማወቅ ነበረብኝ፤ እንጀራዬ ቃል ነውና። ወደዚህ አገር የመጣሁት ከአብዮቱ በፊት፣ ለትምህርት፣ በአውሮፕላን፣ ሙሉ ልብስ ለብሼ ነው። ዶክትሬት ጀምሬ ነበር። እኔ ያልጨረስኩትን ስደተኛ የበዛበት የሪንከቢ ሰፈር ሰው ጨርሶልኝ «ዶክተር» ይለኛል፤ አንድ ቀን አርማቸዋለሁ እያልኩ ሃያ ዓመት አለፈኝ። የምኖረው ከከተማው በስተደቡብ ዳር፣ ሁዲንጌ ሲሆን ሥራዬ ቶልክነት ነው። ቶልክ ማለት አስተርጓሚ ነው፤ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤት በሁለት ሰዎች መካከል ተቀምጦ፣ የራሱ ሐሳብ እንደሌለው ሆኖ፣ የሌላውን ሐሳብ የሚናገር ሰው። የራሴ ሐሳብ እንደሌለኝ ሆኜ ልጆች አሳድጌበታለሁ።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ። ስሙን አልጠራም። ፈርቼ አይደለም። እሺ፣ ፈርቼ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ በቴሌቪዥን የሚታይ አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር ነበረ። አባቱ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሰዓት ይጠግኑ ነበር፣ እናቱ የስልክ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። እሱ ራሱ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ሆኖ ሲኖር፣ የአካባቢው ቴሌቪዥን የጋበዘው ትልቅ ሰው ድንገት ታሞ ቀረ፤ ቅርብ የተገኘው እሱ ስለነበር ለአንድ ቀን ብሎ ገባ፣ እንደ ገባም ሠላሳ ዓመት ቀረ። እኛ ዘንድ ቢሆን «ዘመድ አለው» በተባለ ነበር።

እጅጌው ያጠረ ካፖርት ለብሶ፣ ጀርባውን ለካሜራ ሰጥቶ፣ በፈረሰ ግንብ ሥር ይራመዳል። ዞር ይልና «እንዲህ ይባላል» ብሎ ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ የምናውቀውን ይነግረናል። ከዚያ ዝም ይላል። ዝምታው ረዥም ነው፤ ሻይህን ታስቀምጣለህ። ከዚያ በኋላ «ነገር ግን…» ይላል። ያቺ «ነገር ግን» ከአፉ ከወጣች የስንቱ ንጉሥ አጥንት በመቃብሩ ውስጥ ይገላበጣል። ደብዳቤ ያወጣል፣ ፊርማ ያስተያያል፣ አራት መቶ ዓመት ተከብሮ የኖረን ውሸት በአርባ ደቂቃ ራቁቱን ያስቀረዋል። ሚስቱ የፈታችው «የት ነበርክ ስለው ምንጭ ይጠቅስልኛል» ብላ ነው ይባላል። አላየሁም፣ ሰማሁ እንጂ።

እወደው ነበር። በተለይ አንድ ደንቡን። እንግዶቹ በቻይንኛ ይናገሩ በዐረብኛ፣ በድምፃቸው ላይ ሌላ ድምፅ አያስጭንም። ትርጉሙ ከሥር በጽሑፍ ይሄዳል፤ የሰውየው ድምፅ ግን ከነሳሉ፣ ከነትንፋሹ ይሰማል። ሰው በገዛ ድምፁ ይደመጥ ማለቱ ነው። «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» እል ነበር ሻይዬን እያማሰልኩ። ይህን ጨዋነቱን በኋላ ደጋግሜ ረግሜዋለሁ።

በጥቅምት አንድ ቀን ከእሱ ቡድን ስልክ ተደወለልኝ። ፕሮፌሰሩ ከአገር አገር ስለሚሰደደው የሰው ልጅ ተከታታይ ፊልም እየሠራ ነው፤ አንደኛው ክፍል ሪንከቢ ይቀረጻል፤ ለኢትዮጵያውያኑ በአማርኛ ማስታወቂያ ብትጽፍልን፣ በዕለቱም ብታስተረጉምልን፣ አሉኝ። በደስታ መሬት ጠበበችኝ። ወዲያው ወረቀት አወጣሁ። ግን ሰውየውን በአማርኛ ምን እንበለው? «የታሪክ ምሁር» ተራ ሆነብኝ። «የታሪክ ተመራማሪ» ጋዜጣ ጋዜጣ ሸተተኝ። እኔ በልጅነቴ መጽሐፍ መርማሪ የተባሉ ሊቅ ሲያልፉ ሰው ከመቀመጫው ሲነሣ እያየሁ ያደግሁ ነኝ፤ መርማሪ ማለት በእኔ ቤት ብራና እየገለጠ እውነቱን ከሐሰቱ የሚለይ ነጭ ጢም ነው። ስለዚህ በወፍራም ጥቁር እስክሪፕቶ፣ በቁም ጽሕፈት፣ እንዲህ ስል ከተብኩ፦

«ለሪንከቢ ነዋሪ ኢትዮጵያውያን በሙሉ። ታዋቂው አሜሪካዊ የታሪክ መርማሪ የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ አዳራሽ ተገኝቶ ታሪካችሁን በዝርዝር ይሰማል። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይጠየቃል። ንግግሩ በካሜራ ይቀረጻል። ማንም እንዳይቀር።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በጣም አማረኝ። አራት ቦታ ለጠፍኩት፤ በቱነልባናው መውጫ፣ በአደባባዩ ሱቅ በር፣ ሰው በሚሰግድበት ምድር ቤት መግቢያ፣ እንዲሁም ሰው ሁሉ ተራ ይዞ በሚመጣበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል።

በእኔ ዘመንም መርማሪ ፖሊስ ነበረ፤ እኔን ግን መርምሮኝ አያውቅም። ቃሏን ይዣት የወጣሁት ንጹሕ ሆና ነው። ከእኔ በኋላ የመጡት የሚያውቋት ከሌላ ቦታ ነው፤ ከብረት በር በስተጀርባ፣ ከጠረጴዛ ማዶ፣ አምፖሉ ወደ ተጠያቂው ፊት ከዞረበት ክፍል። አንዳንዱ በጆሮው፣ አንዳንዱ በውስጥ እግሩ ነው የሚያውቃት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ልጡን አራት ቦታ ሰቅዬ፣ እያፏጨሁ ወደ ሁዲንጌ ተመለስኩ።

መጀመሪያ የደወለው ሙሄ ነው። ሙሄ የወሎ ሰው ሲሆን አደባባዩ ላይ ያለችው ሱቅ የእሱ ናት፤ በርበሬና የስልክ ካርድ ይሸጣል። ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ዶክተር፣ ይኼ ሰውዬ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?»

«ከቴሌቪዥን።»

«እሱንማ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚል፤» አለና ዘጋው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘሀራ ቤቴ ድረስ መጣች። ዘሀራም የወሎ፣ የሐይቅ አካባቢ ተወላጅ ናት፤ ሪንከቢ ሐያት ከምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጇ ጋር ትኖራለች፣ አረጋውያን ቤት ታጸዳለች። አንድ ጊዜ «አይፈቀድልሽም» ተብላ፣ ይግባኝ ብላ፣ የመጨረሻውን ቤስሉት ማለትም ውሳኔውን በየቀኑ ከፖስታ ሣጥኗ የምትጠብቅ ሴት ናት። ኮቷን ሳታወልቅ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዶክተር፣ ልጅቷን ሊወስዱብኝ ነው።»

«ማን ነው የሚወስዳት?»

«መርማሪው። እርስዎ አይደሉ እንዴ የጻፉት? ወላሂ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሐያትን እኔ አልወለድኳትም። ይኼን ካወቁ አንቺ ወዲህ፣ እሷ ወዲያ ይሉናል። እሷም ካወቀች… አላህ ያንን ቀን አያሳየኝ።»

ፍርሃት የሚተላለፍ በሽታ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ምክንያቱም ዘሀራ መሥሪያ ቤት ቀርባ የተጠየቀች ዕለት መሀል ላይ የተቀመጠው ቶልክ እኔ ነበርኩ። ባለሥልጣኗ ብዕሯን አንስታ «ልጅቷ የራሷ ልጅ ናት?» ስትል እኔም «የወለድሻት ናት?» ብዬ ጠየቅኳት። ዘሀራም «ታዲያ የማን ልትሆን ኖሯል?» አለች። እኔም በስዊድንኛ «አዎ» አልኩ። በአማርኛ ጥያቄን በጥያቄ መመለስ አዎ ማለት ነው። ወይም አይደለም ማለት ነው። በዚያች ዕለት አዎ መስሎኝ ነበር። ለካስ ሴትየዋ አልዋሸችም፤ የዋሸሁት ያውም በመሐላ ሥር ሆኜ፣ በወር ደመወዝ፣ እኔ ነኝ!

ላብ አጠመቀኝ። ቢሆንም የተማርኩ ሰው ነኝና ማስረዳት ጀመርኩ። «ስሚ ዘሀራ፣ ስህተቱ የእኔ ነው። መርማሪ አይደለም፤ ተመራማሪ ለማለት ፈልጌ ነው።»

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ተመራማሪ የሚጠይቀው የሞተ ሰው ነው።»

«የመርማሪውም መጨረሻው እንደዚያው ነው፤» አለችኝ።

በዚያው ቀን ሪንከቢ ሄጄ አራቱንም ማስታወቂያ በዚያው እስክሪፕቶ አረምኳቸው፤ መርማሪዋን ሰርዤ ተመራማሪ አደረግኋት። ይባስ ብሎ ጉድ ፈላ። «ሲነቃበት ስሙን ቀየረ» ተባለ። ለዘሀራ ግን ቁርጥ ያለ ምክር ሰጥቻታለሁ፤ ቅዳሜ ዝር እንዳትዪ፣ ልጅሽን ይዘሽ መዋኛ ሂጂ። እሺ አለችኝ። እሺ ማለትም በአማርኛ ብዙ ትርጉም አለው።

ቅዳሜ አዳራሹ ባዶ ይሆናል ብዬ የወንበሮቹን ቁጥር ልቀንስ ቀደም ብዬ ሄድኩ። ሰው ከበሩ ውጭ ተሰልፎ አገኘሁት። ሁሉም ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ፎልደር ይዞ፣ እንደ ቀብር ጸጥ ብሎ ቆሟል። ዘሀራም መሀላቸው አለች፤ ሐያትን ጎረቤት ትታት ብቻዋን ነው የመጣችው።

«ምን ብዬሽ ነበር?» አልኳት በሹክሹክታ።

«የቀረ ሰው ነው መጀመሪያ የሚጠየቅ። ቀበሌ ኖረው አያውቁም እንዴ፣ ዶክተር?»

አልኖርኩም። ለካስ ያ ሁሉ ሰው የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ፕሮፌሰሩ ያንኑ ካፖርቱን ለብሶ ገባ፤ የሞላውን አዳራሽ ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ለታሪክ እንዲህ የጓጓ ሕዝብ አላየሁም» አለ። ተረጎምኩ። ፈገግ ያለ ሰው አልነበረም።

ከአዳራሹ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ክፍል ለቀረጻ አዘጋጅተዋታል። ገብቼ ሳያት እኔው ራሴ ደነገጥኩ። አንድ ወንበር ነበረ፣ ከወንበሩ ፊት የሚያጥበረብር መብራት፣ ከመብራቱ ኋላ ፊታቸው የማይታይ ሁለት ሰዎች፤ ድምፅ እንዳይገባ ብለው በሩን ዘጉት፣ መስኮቱንም በጥቁር ጨርቅ ሸፈኑት። እነሱ እንዲህ ያለውን ክፍል ስቱዲዮ ይሉታል። በአንድ በኩል በር እየተከፈተ ስም ይጠራል፤ ተጠሪው ተነሥቶ ይገባል፤ የቀሩት ይተያያሉ። አንዱ አባት ከመግባታቸው በፊት ሰዓታቸውን ፈትተው ለጎረቤታቸው ሲሰጡ አየሁ። የትም ሆኜ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

የገባው ሁሉ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ተናግሮ ሌላ ነገር እንደማያውቅ እየገለጸ ይወጣ ነበር። ሙሄ ሩብ ሰዓት ሙሉ በአላህ እየማለ በሕይወቱ ለታሪክ ፍላጎት ኖሮት እንደማያውቅ አስረዳ። ፕሮፌሰሩ ተስፋ እየቆረጠ መጣ። ቀጥሎ ዘሀራ ገባች።

መብራቱ ፊቷ ላይ ወደቀ። ፕሮፌሰሩ ጎንበስ ብሎ በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ «ከአገርሽ ስትወጪ ይዘሽ የመጣሽው ምንድን ነው?» ተረጎምኩላት። ዘሀራ ሻሽዋን አስተካከለች። እሱ ዝም አለ። ያ የማውቀው ዝምታው ነበር፤ ስንቱን ንጉሥ ያናዘዘው። በልቤ «ቶሎ በይ፣ ሻንጣ በይ፣ ቁርአን በይ፣ የሆነ ነገር በይ» እላለሁ። ካሜራው ሲንሸራተት ይሰማኛል። ዓይኗን ከፕሮፌሰሩ አንሥታ እኔ ላይ ተከለችው።

«ከመኪናው ስንወርድ ሰባት ነበርን፤» አለች። «ወደ ጅቡቲ። አንዷ አራስ ነበረች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋት፤ መንገድ ላይ ስም አይጠየቅም። በሦስተኛው ቀን ተቀመጠች። ተነሺ አልናት። አልተነሣችም። ሕፃኗን ከነነጠላዋ ሰጠችኝና ‹አደራ› አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔ ወልጄ አላውቅም፣ ዶክተር። አልወለድኳትም። አደራ ናት። ‹የማን ናት?› የሚል ይመጣል እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ እየወጣ ነው የኖርኩት። ከዚህ በላይ አልችልም። ይኸው፣ ተናገርኩ።»

ፕሮፌሰሩ ወደ እኔ ዞረ። ሁለት ሰዎች ከጨለማው ውስጥ እያዩኝ ነው። ሙያዬ የሚለው ግልጽ ነው፤ የሰማኸውን፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ከዚያ የገዛ እንግሊዝኛዬን ሰማሁት። «ከመኪናው ስንወርድ ሰባት ነበርን» አልኩ። «ወደ ጅቡቲ። እኔ አራስ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ተቀመጥኩ። ተነሺ አሉኝ። ልጄን አየኋትና ተነሣሁ። ይዤ የመጣሁት እሷን ነው።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። በእኔ እንግሊዝኛ ውስጥ ያቺ ስሟ የማይታወቅ ሴት ተነሣች። ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አወለቀ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ የዘሀራን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። «ነገር ግን» አላለም። አራት መቶ ዓመት የኖረ ውሸት የሚያሸተው ሰው፣ የአንድ ደቂቃ ዕድሜ ያለውን ከአጠገቡ አጣው።

ጀግና ነኝ እያልኩ ፔንደልቶግ በሚሉት ባቡር ወደ ሁዲንጌ ስመለስ፣ መንገድ ላይ፣ እንደ መብረቅ መታኝ። ድምፁ! ሰውየው ድምፅ አይሸፍንም። እኔ «ተነሣሁ» ብዬ በጽሑፍ ከሥር ስሄድ፣ እሷ ከላይ «አልተነሣችም» እያለች በገዛ ድምፅዋ ልትሰማ ነው። ስዊድናዊ ሁሉ ጽሑፉን ያነባል፤ በስቶክሆልም ያለ ሐበሻ ሁሉ ድምፁን ይሰማል። ከዚያ ሁሉ ሐበሻ አንዱ ቂም ያለበት ቢሆን፣ አንድ ስልክ ይበቃል። በከተማው ያለን የአማርኛ ቶልኮችም በጣት የምንቆጠር ነን፤ ከእነሱ አንዱ መሐላዬን ጠብቃለሁ ቢል ማን ይፈርድበታል? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ለእኔ የተነገረ መሰለኝ።

ያ የበረዶ ክረምት እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሳላነሣው እስከ አምስት እቆጥራለሁ። ለቡድኑ ደውዬ «የዘሀራዋ ክፍል ፊልሙ ውስጥ ባትገባ?» ብል፣ ጸሐፊዋ «እሷማ ፕሮፌሰሩ ከሁሉ የወደዳት ናት» አለችኝ። ለምን እንድትወጣ እንደፈለግሁ መናገር አልችልም፤ መናገር ማለት ያንኑ ማጋለጥ ነው። ዘሀራ በበኩሏ ፖስታ ሣጥኗን እየከፈተች ትዘጋለች። የሚገርመው እኔን አለመውቀሷ ነው። «ተናገርኩ፣ ቀለለኝ፤ አሁን ሸክሙ ወደ እርስዎ ዞረ» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ፊልሙ በሚያዝያ አንድ እሑድ እንደሚታይ ተነገረ። ዘሀራ ብቻዬን አልችለውም ስላለች ቤቷ ሄድኩ። ሐያት ሶፋው መሀል ተሰይማለች። እናቷ በቴሌቪዥን ልትታይ መሆኑን ለክፍሏ ልጆች ሁሉ፣ ለአስተማሪዋም ነግራለች። ወደ ውጭ ልንልካት ሞከርን፤ እንደ ስዊድን ልጆች አንገቷን ነቅንቃ «ኔይ» አለች፤ አይሆንም ማለቷ ነው። ሐያት አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። እኔ ተንኮሌን አስቤ ነበርና ገና ሲጀምር «ራሴን አሞኛል» ብዬ ድምፁን አጠፋሁት። ዘሀራ ከመብራቱ ፊት ስትታይ ልጅቷ ሪሞቱን ከእጄ ወሰደችና እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

ክፍሉን የሞላው የዘሀራ ድምፅ ነበር። «አልተነሣችም» ይላል። ከሥር በነጭ ፊደል፣ በስዊድንኛ፣ «ተነሣሁ» ይላል። «አልወለድኳትም» ይላል። ከሥር «ልጄን አየኋት» ይላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የራሷን ነገር ሳትሰማ የኖረች ልጅ፣ ከእናቷ አፍ፣ ከእኔ ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጣ ሰማችው። ዘሀራ ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። እኔ ወደ ልጅቷ ማየት አቃተኝ፤ ምንጣፉን ነበር የማየው፤ እስከ ዛሬ የምንጣፉን ቀለም አልረሳሁትም።

ስልኩ ጮኸ። ማንም አላነሣውም። ደግሞ ጮኸ፤ አነሣሁት። ሙሄ ነበር።

«ዶክተር፣ እዚያ ኖት? ለዘሀራ ይንገሩልኝ፣ በጣም ታምራለች። ድምፁ ግን ምን ነክቶት ነው? እኛ ቤት አንዲት ቃል አልተሰማም፤ ጽሑፉን ብቻ ነው ያነበብነው።»

ሙሄ በስዊድንኛ ማንበብ አይችልም። ዘጋሁት። ወዲያው ከታች ፎቅ ያለች ሴት ደወለች፤ ድምፁ አልተሰማትም። አንድ ከመሀል ከተማ፣ ከሶደርማልም ሰፈር የደወለ ሰው ጭራሹን አልተሰማውም። አራተኛው ደዋይ፣ የዘሀራን ቁጥር ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ከእኛ ከቶልኮቹ ሁሉ የከረረው፣ ነጠላ ሰረዝ ያለቦታው ገባ ብሎ የሚጣላ አዛውንት ቶልክ ነው። «የእኔ ቴሌቪዥን እንኳ ድምፁ ከተበላሸ ከርሟል» አለኝ፤ «ትርጉሙን አነበብኩት። አንድም ስህተት የለበትም።» ደህና ዋል እንኳ ሳይል ዘጋው።

ውሳኔውስ የት ደረሰ ትሉኝ ይሆናል። በሰኔ መጣ፤ ለሁለቱም ተፈቀደላቸው፤ ዛሬ ሁለቱም የዚህ አገር ዜጎች ናቸው፣ ስማቸውንም ስለቀየርኩት አትድከሙ። ያን እሑድ ግን ይህን አናውቅም ነበር። ያን እሑድ ከተማው ሁሉ ደንቆሮ ሆኖልን ሳለ፣ የምንፈራው አንድ ጆሮ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም ከእኛው ጋር ሶፋው ላይ ነው።

ሐያት አላለቀሰችም። ፊልሙ ሲያልቅ ስሞች ከላይ ወደታች ሲወርዱ አየች፤ የእኔም ስም በመካከላቸው አለፈ። ከዚያ ሪሞቱን አንሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ተጠግታ ራሷን ዘሀራ ጭን ላይ አስተኛችና ጣሪያውን እያየች፣ ለማንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ «ዴ ኤር ቴክስተን ሶም ስቴመር» አለች።

ዘሀራ ሻሽዋን ከፊቷ አወረደች። እጇ የልጅቷ ፀጉር ላይ ሊያርፍ ሄዶ አየር ላይ ቆሟል።

«ምን አለች፣ ዶክተር?»

ቶልክ ነኝ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት።

«ልክ የሆነው ጽሑፉ ነው፣ ነው የምትለው።»